ጠባሳና ቅባት

በመንደራችን ስለ ፊት ሲወራ ያለን ቃል አንድ ብቻ ነው፤ ጠባሳ። ብጉር ከጠፋ በኋላ ጠቁሮ የቀረው ነጥብ ጠባሳ ይባላል፤ ጎድጉዶ የቀረውም ጠባሳ ነው፤ አገጭ ሥር አብጦ እንደ ባቄላ የተቀመጠውም እንዲሁ ጠባሳ ነው። ነገሩ የቃል እጥረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለዚህ ገጽ ብዕር ባላነሣን ነበር። ነገር ግን ስሙ አንድ ስለሆነ መድኃኒቱም አንድ መሆን አለበት የሚል ሐሳብ ተከትሎት መጥቷል። ያም አንድ መድኃኒት ካምፓላ ውስጥ ከኪኩቦ ተገዝቶ፣ በጆንያ መካከል በጨርቅ ተጠቅልሎ ይመጣል።

እኛ ለመንደሩ ትናንሽ ሱቆች ዕቃ ለማምጣት በተራ ወደ ካምፓላ የምንመላለስ ሰዎች ነን። ከመነሣታችን በፊት የትዕዛዝ ወረቀት ይሰበሰባል። ሳሙና፣ ስኳር፣ ዘይት፣ የባትሪ ድንጋይ፣ የፀጉር ቅባት በግልጽ ይጻፋሉ። ከታች ደግሞ በደቃቅ ጽሕፈት፣ አንዳንዴም በሌላ ሰው እጅ፣ «ያቺን ለፊት የምትሆነውን» የሚል መሥመር አይጠፋም። ስሟን የሚጽፍ የለም፤ ሁሉም ያውቃታልና።

ኪኩቦ በሉጋንዳ ጠባብ መተላለፊያ፣ ስርጥ እንደማለት ነው። ስሙ አልዋሸም። ከአሮጌው የታክሲ ተራ ብዙም ሳይርቅ ሕንፃዎች ግራና ቀኝ ተጠግተው ያጠበቡት መንገድ ነው። መርካቶን የሚያውቅ ሰው ሸማ ተራንና ሚሊተሪ ተራን በአንድ ጉሮሮ ውስጥ ጨምቆ ቢያስብ ይቀርበዋል። ተሸካሚዎች ካርቶን በራሳቸው ላይ ቆልለው «ፋሲ! ፋሲ!» እያሉ መንገድ ያስለቅቃሉ፤ ያልሰማ ይገፋል። ለሩቅ አገር ቸርቻሪ የሚሆን ዕቃ ሁሉ በጅምላ የሚወጣው ከዚህ ስለሆነ፣ በምዕራብ ኡጋንዳ ገጠር መደርደሪያ ላይ የምናየው ሳሙናም ሆነ ቅባት ብዙውን ጊዜ በዚህች ስርጥ ያለፈ ነው።

ከእኛ መካከል በአገር ቤት ሳለ የጤና ረዳት የነበረ ጓድ አለ። ባለፈው ጉዞ እርሱ ያለበት ቡድን አንድ ነገር ሊሞክር ተስማማ። ሦስት ሆነን ወደ አንድ የቅባት ሱቅ ገባን። አንደኛችን ጉንጩ ላይ ጥቁር ነጥብ ብቻ አለበት። ሁለተኛችን ፊቱ በብጉር ጉድጓድ የተወቀረ ነው። ሦስተኛው ወጣት አገጩ ሥር እብጠት ያለበት ነው። ሻጯ ከመደርደሪያዋ ቀና ብላ «ሙኳኖ» አለችን፣ ወዳጄ እንደማለት ነው። ከዚያም በጣቷ ወደ ፊታችን እያመለከተች «እምባላቤ?» ስትል ጠየቀች። ብጉር ማለቷ ነው። ለሦስታችንም ከሦስት ልዩ ልዩ ዕቃ በማንኪያ ጨለፈች፤ በአንድ ባዶ ዕቃ ውስጥ አማሰለችው፤ ክዳኑን ገጠመች። አንድ ዓይነት ቅልቅል፣ አንድ ዓይነት ዋጋ፣ ማታ ማታ ተቀቡ የሚል አንድ ዓይነት ትእዛዝ። ክፉ ሴት አልነበረችም፤ እንዲያውም ውሃ አቅርባልናለች። የተማረችው ይህንኑ ነው፤ የሚጠየቀውም ይኸው ነው።

በቅልቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ በዓይን አይታወቅም፤ ጉዳቱም ከዚሁ ይጀምራል። በእንዲህ ያሉ ቅባቶች በብዙ አገር ተመርምረው የተገኙት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛው ሃይድሮኪዊኖን ነው። ይህ በራሱ መርዝ አይደለም፤ የቆዳ ሐኪም በልክ፣ ለጥቂት ወራት፣ እየተከታተለ የሚያዝዘው መድኃኒት ነው። መጠኑ ሳይታወቅ ለዓመታት ሲቀቡት ግን ይገለበጣል። ፊንድሌይ የተባለው የደቡብ አፍሪካ ሐኪምና ባልደረቦቹ በ1975 (እ.ኤ.አ.) እንደጻፉት፣ ለመንጣት የተቀባው ጉንጭ ሰማያዊ ወደሆነ ጥቁረት ተለወጠ፤ ቆዳውም ሸከረ። ይህ ጥቁረት እጅግ አስቸጋሪ ነው፣ በቀላሉ አይለቅም። ደቡብ አፍሪካ በ1990 ሃይድሮኪዊኖንን ከመዋቢያ ቅባት ውስጥ አገደች። የኡጋንዳ ብሔራዊ የደረጃዎች ቢሮም ሃይድሮኪዊኖንና ሜርኩሪ ያለባቸውን መዋቢያዎች ከልክሏል። ክልከላው በወረቀት አለ፤ ማንኪያው ደግሞ በስርጧ ውስጥ ይማስላል።

ሁለተኛው ሜርኩሪ ነው፣ አባቶቻችን ባዜቃ የሚሉት። ኩላሊትን ይጎዳል፤ ነርቭን ይነካል፤ ከእናት ወደ ፅንስ ያልፋል፤ ከፎጣና ከትራስ ደግሞ ወደማይቀባው የቤተሰብ አባል ይደርሳል። በ2013 የተፈረመው የሚናማታ ስምምነት ስሙን ያገኘው በሜርኩሪ ከተመረዘች የጃፓን ከተማ ነው። የስምምነቱ አባል አገሮች በ2023 ጄኔቫ ላይ ተሰብስበው፣ ሜርኩሪ የተጨመረበት መዋቢያ ሁሉ በ2025 እንዲቀር ወስነዋል። ለእኛ ለገዢዎች የሚጠቅመው ግን ሌላ ነገር ነው፤ በዕቃው ላይ ከወርቅ፣ ከብር ወይም ከአሉሚኒየም ጌጥ ጋር አታገናኙ የሚል ጽሑፍ ካለ ሜርኩሪ ይጠረጠራል። ካሎሜል የሚል ቃልም ያው እርሱ ነው። እንግሊዝኛ የሚያነብ ልጅ በየቤቱ አለና አስነብቡት።

ሦስተኛው ስቴሮይድ ነው፤ ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት። በመንደራችን ከሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበን ይህ ነው፤ ምክንያቱም መጀመሪያ ላይ ያምራል። ቁጣው ይበርዳል፣ ፊት ይለሰልሳል፣ ይቀላል። ከዚያ በኋላ ቆዳው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይሳሳል፤ ደም ሥሩ ይታያል፤ በጉንጭ ላይ ጸጉር ይወጣል፤ ብጉሩም ብዙ ሆኖ ይመለሳል። በድንገት ሲያቆሙት ፊቱ ይነድዳል፤ ስለዚህ ሰው ወደ ዕቃው ይመለሳል። ሻጭ የማይለቅ ደንበኛ የሚያገኘው እንዲህ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከወሬ ተነሥተን አይደለም። ሠርጓ ከዳግማ ትንሣኤ በኋላ የተቆረጠላት አንዲት እህታችን ነበረች፤ ስሟን አናነሣም፣ እንድንጽፈው ግን ፈቅዳልናለች። ጉንጯ ላይ የነበረው ጠፍጣፋ ጥቁር ነጥብ ብቻ ነው። የትዕዛዝ ወረቀቷ ሲደርሰን ያቺን ዕቃ እንደማናመጣላት ነገርናት፤ ምክንያቱንም ዘረዘርን። «እናንተ ስኳሩን አምጡልኝ፤ ፊቴ የኔ ነው» አለችን። አክስቷ በበኩላቸው «ልጄ፣ ሙሽራ በጥቁር ነጥብ አትዳርም፤ ሰው ምን ይላል?» ብለው አገዟት። በሌላ መንገደኛ እጅ አስመጣች። በሦስት ሳምንት ውስጥ ፊቷ ጠራ፤ በሠርጉ ቀን አምራ ነበር፣ ይህን መካድ አንችልም፤ እልል ያሉትም ዋሽተው አይደለም። ቅባቱ ሲያልቅና ሌላ ለመግዛት ገንዘብ ሲጠፋ ግን ፊቷ በአንድ ሳምንት ቀላ፣ ተላጠ፣ ቀድሞ ያልነበረ ብጉር ከግንባር እስከ አገጭ ወጣ። አሁን በጤና ጣቢያው ምክር ቀስ በቀስ እየቀነሰች፣ ደካማ በሆነ ቅባት እየተካች ልታቆም እየሞከረች ነው። በድንገት አትተዪው የተባለችውን እኛም ለሌሎች እናስተላልፋለን፤ ለወራት የተቀባ ሰው በአንድ ቀን አይተው፤ የጤና ባለሙያ ያማክር።

አሁን ወደ ዓይነቶቹ እንለፍ፤ ሻጯ ያልለየችውን እኛ እንለይ።

የእህታችን ጥቁር ነጥብ ሐኪሞች ጠባሳ አይሉትም። ቆዳ በብጉር ሲቆጣ ቀለም የሚሠሩት ሕዋሳት ከልክ በላይ ቀለም ያፈስሳሉ፤ በእኛ ዓይነት ጠይም ቆዳ ላይ ይህ ይበረታል። በጣት ሲዳሰስ ከዙሪያው ጋር እኩል ነው፤ አልጎደጎደም፣ አላበጠም። እንዲህ ያለው በራሱ ጊዜ ይደበዝዛል፤ ግን ወራት ይፈጃል፣ አንዳንዴም ከዓመት ይበልጣል። ጠላቱ ፀሐይ ነው። ራሽን ለመቀበል ተሰልፈን ስንውል ጃንጥላ መያዝ፣ ነጠላን ግንባር ላይ ሳብ ማድረግ ከብዙ ቅባት ይበልጣል። የፀሐይ መከላከያ ለመግዛት አቅም ያለው፣ ቡናማ ቀለም ያለውን ቢመርጥ ይሻላል፤ የሚታየው ብርሃንም ጠይም ቆዳን ስለሚያጠቁር፣ ቀለም የሌለው መከላከያ ይህን በደንብ አያግድም። ሐኪም ደግሞ አዜላይክ አሲድ ወይም የሬቲኖይድ ክሬም ሊያዝዝ ይችላል። የመጀመሪያው ለነፍሰ ጡርም ይፈቀዳል፤ ሁለተኛው ለነፍሰ ጡር አይሆንም። ሎሚ ቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣትን ግን እባካችሁ ተዉት። ሎሚና ፀሐይ ተጋግዘው ቆዳን ያቃጥላሉ፤ ቃጠሎው ሲድን ከቀድሞው የጠቆረ ይሆናል። በአገራችን የኖረ ልማድ ሁሉ መድኃኒት አይደለም።

የጎደጎደው ሌላ ነገር ነው። እዚህ ላይ ቆዳው ራሱ ጎድሏል፤ ስለዚህ በላዩ የሚቀባ ማናቸውም ነገር አይሞላውም። በ2001 የአሜሪካ ሐኪሞች ጉድጓዶቹን በሦስት ከፈሏቸው፤ እስካሁንም ይሠራበታል። የመጀመሪያው በወስፌ የተወጋ የሚመስለው ነው፤ አፉ ከ2 ሚሊሜትር የጠበበ፣ ወደ ውስጥ ግን የጠለቀ። ከሦስቱ የሚበዛው ይህ ነው። ሁለተኛው ጠርዙ ቀጥ ያለ፣ ታቹ ጠፍጣፋ፣ በጠርሙስ ክዳን ሊጥ ላይ የተጫነ የሚመስል ነው። ሦስተኛው ሰፋ ያለና ጠርዝ የሌለው ነው፤ ፊትን በጎን ብርሃን ስናየው እንደ ማዕበል ይወጣል ይገባል። የሦስተኛው ምክንያት ከቆዳው ሥር ያሉ ጅማት መሰል ክሮች ቆዳውን ወደ ታች ስበው መያዛቸው ነው።

ምክንያቱ ከተለየ ሕክምናው መለየቱ አይገርምም። የተሳበውን ቆዳ ለመልቀቅ ሐኪሙ መርፌ ከሥር አስገብቶ ክሮቹን ይበጥሳል፤ ይህ ዘዴ በ1995 በሁለት አሜሪካውያን ሐኪሞች ስም ተሰጥቶት ተጽፏል። ለወስፌው ጉድጓድ በ2002 ኮሪያውያን ሐኪሞች የጻፉት ዘዴ አለ፤ በጠንካራ ትራይክሎሮአሴቲክ አሲድ የራሰ ቀጭን እንጨት ጉድጓዱ ውስጥ ብቻ ይነካል፤ ቆዳው ከሥር እየሞላ ይድናል። በጠይም ቆዳ ላይ አሲዱን አሳስተው የሚሠሩ አሉ፤ ዙሪያውን ከነካ ያጠቁራልና። ጠርዙ ቀጥ ያለው ትንሽ ከሆነ በክብ ምላጭ ተቆርጦ ከፍ ይደረጋል ወይም ይሰፋል። ብዙ ቀጫጭን መርፌ ያለው መሣሪያ ደግሞ ቆዳውን እየበሳ አዲስ ሥጋ እንዲሠራ ያነሣሣዋል። ይህ በየአራት ሳምንቱ ገደማ ተደጋግሞ ይሠራል፤ ለጠይም ቆዳ ከሌዘር ይልቅ የማጥቆር አደጋው ያነሰ ነው። ሌዘር በእኛ ቆዳ ላይ ልምድ ያለው ሰው ካልያዘው የሚያስከትለው ጥቁረት ከጉድጓዱ ይብሳል። ማናቸውም ቢሆን ጉድጓዱን ያሳንሳል እንጂ ፊትን እንደ ሕፃን አይመልስም፤ እንደሚመልስ የሚምል ሰው ካገኛችሁ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ኪኩቦ ውስጥ መርፌ ያለበት ትንሽ ተሽከርካሪ በርካሽ ይሸጣል። ገዝቶ ከእኅት ከወንድም ጋር መዋዋስ ምላጭ እንደመዋዋስ ነው፤ በደም የሚተላለፍ በሽታ፣ ኤች አይ ቪም ሆነ የጉበት ቫይረስ፣ በዚያ መንገድ ሊሄድ ይችላል። ይህን ያህል ብቻ እንበልበት።

በነገራችን ላይ፣ የተወቀረ ፊት ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። ከመካከላችን ዕድሜ የጠገቡት ፈንጣጣ የወጣባቸውን ሰዎች ፊት ያስታውሳሉ። በኢትዮጵያ የፈንጣጣ ዘመቻ በ1971 ተጀምሮ የመጨረሻው ሕመምተኛ የተገኘው በነሐሴ 1976 ነው፤ በ1980 ደግሞ ዓለም ከፈንጣጣ ነፃ መሆኗ ታወጀ። ፈንጣጣ ወጥቶለት የተረፈ ሰው ዳግመኛ ስለማይያዝ የታመመን የሚያስታምም እርሱ ነበር፤ ስለዚህ ያ ጉድጓድ ያለበት ፊት በሕመም ቀን የሚፈለግ ፊት ነበር። የዛሬ ወጣት በፎቶግራፍ ዘመን የተወለደ ነውና ይህ አያጽናናውም፤ እናውቃለን። ለሦስተኛ አገር ቃለ መጠይቅ የሚነሣው ፎቶግራፍ ፊቱን ከነጉድጓዱ ያሳያል፤ ጉዳዩን ያበላሸዋል ብሎ የሚሰጋም አለ። ይህ ስጋት መሠረት የለውም፤ ፎቶግራፉ የሚፈለገው ሰውዬው እርሱ መሆኑን ለመለየት ነው፤ ጠባሳም ለመለየት ይረዳል እንጂ አያሰናክልም።

የመጨረሻው ያበጠው ነው፣ ኬሎይድ የሚባለው። ቁስሉ ሲድን ሥጋ መሥራቱን ሳያቆም ይቀርና ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያድጋል። በጥቁር ሕዝብ ዘንድ ይበዛል፤ ደረት፣ ትከሻ፣ የጆሮ ጫፍና የአገጭ መሥመር ይወድዳል። ያሳክካል፣ አንዳንዴም ያማል። ለዚህ የቅልቅሉ ዕቃ ምንም አያደርግለትም። በቢላዋ ብቻ ማስቆረጥ ደግሞ ከሁሉ የከፋ ነው፤ አዲሱ ቁስል አዲስ ኬሎይድ ይሆንና ብዙ ጊዜ ከቀድሞው በልጦ ይመለሳል። የተለመደው ሕክምና ትራያምሲኖሎን የሚባል መድኃኒት በራሱ በእብጠቱ ውስጥ በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ በመርፌ መስጠት ነው። መድኃኒቱ የስቴሮይድ ወገን ነው፤ ግን በልክና በቦታው ነውና በጉንጭ ሙሉ ከመለቅለቅ ጋር አይወዳደርም። የሲሊኮን ልጥፍና ማቀዝቀዝም ይረዳሉ።

ወንዶቻችን ስለዚህ ጉዳይ የሴት ወሬ ነው ይላሉ፤ ይሁን እንጂ በአንገት ጀርባና በአገጭ ሥር ያለው እብጠት የሚበዛው በእነርሱ ነው። ፀጉራችን የተጠቀለለ ስለሆነ ከሥሩ ሲላጭ ጫፉ ተመልሶ ቆዳ ውስጥ ይገባል፤ ብጉር መሰል ቁስል ይሆናል፤ ሲደጋገም ይደድራል። ከሥር አለመላጨት የሕክምናው ግማሽ ነው።

ወደ ሐኪም መሄድ ሲባል ብዙዎቻችን የምናፈገፍግበት ምክንያት አለ። በአዲስ አበባ የቆዳ ሐኪም ሲባል ዘነበወርቅ ይታወሳል፣ ዘነበወርቅ ሲባል ሥጋ ደዌ ይታወሳል። በ1965 የተቋቋመው አለርት ዛሬ ብጉርንም ማድያትንም የሚያክም ቢሆንም፣ ስሙ ያስፈራል፤ ሰው እዚያ በር ላይ እንዳይታይ ይሸሸግ ነበር። ያንን ፍርሃት ድንበር አሻግረን ይዘነው መጥተናል። ነገር ግን ምባራራ በሚገኘው የመንግሥት ሪፈራል ሆስፒታል የቆዳ ክፍል አለ፤ ካምፓላም ሙላጎ ውስጥ አለ። ምባራራ ከካምፓላ 270 ኪሎሜትር ያህል ወደ እኛ የቀረበች ናት፤ ለኪኩቦ የሚከፈለው የመኪና ዋጋ ወደ ምባራራ ሄዶ ለመመለስ ይተርፋል።

ሁሉ ነገር ሐኪም ዘንድ የሚያደርስም አይደለም። ጠባሳ የሚጀምረው ከብጉሩ ስለሆነ ብጉሩ ሲወጣ መያዝ ይቀድማል። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድና አዳፓሊን የሚባሉት ቅባቶች ዋጋቸው የሚቻል ነው፤ ፋርማሲ ውስጥ ይገኛሉ። አዳፓሊን ሬቲኖይድ ነውና ለነፍሰ ጡር አይሆንም። በመጀመሪያው ሳምንት ቆዳ ያደርቃሉ፤ ለውጡ የሚታየው ከሁለትና ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ብዙ ሰው የሚተዋቸውም ከዚያ በፊት ነው። ቤንዞይል የነካው ጨርቅ ይነጣል፤ በጥለት ነጠላ ተቀብታችሁ አትተኙ። በጥፍር መጭመቅ የለም፤ ወስፌው ጉድጓድ ብዙ ጊዜ የጣታችን ሥራ ነው። ቋጠሮው ትልቅና ጥልቅ የሆነበት ሰው ግን በቅባት አይጠብቅ፤ ጉድጓድ የሚተወው ይህ ዓይነቱ ነውና ቶሎ ይታይ።

የትዕዛዝ ወረቀቱን በተመለከተ፣ ያቺን ዕቃ አናመጣም ብለናል፤ በዚህ የተቆጡ አሉ፤ ከሌላ ሱቅ የሚያስመጡም አሉ። በምትኩ የፋርማሲ ደረሰኝ ያለበትን፣ ስሙ በግልጽ የተጻፈበትን ቅባት ለሚያዝዝ ሰው ያለ ትርፍ እናመጣለን።

ከሻጯ ፊት ሦስተኛ ሆኖ የቆመው ወጣት አሁን ምባራራ ሁለት መርፌ ተወግቷል። እብጠቱ አልጠፋም፤ ግን ለስልሷል፣ ሌሊት ማሳከኩንም ትቷል። ሦስተኛው ቀጠሮ ገና ነው። ገበያው አጠገብ ያለው ፀጉር አስተካካያችን ነገሩ ከተነገረው ወዲህ ማሽኑን ሁለት ቁጥር ከፍ አድርጎ ያሳጥርለታል፤ ሌሎች ደንበኞቹንም እንዲሁ ያድርግላቸው እንደሆነ መጠየቅ ጀምሯል።